ለኑሮ ብቁ

ሐመልማል በየቀኑ ባሕሩ እስኪሸሽ ትጠብቃለች። ሲሸሽ የፕላስቲክ ጫማዋን ታጠልቃለች፤ የሜትር ገመዱን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ከቤቶቹ ፊት ለፊት ወደተተከለው ቢጫ ችካል ትሄዳለች። ከችካሉ ተነስታ አሸዋው ከውኃው እስከሚገናኝበት ድረስ ትለካለች። ከዚያ ታብሌቱ ላይ ሁለት ቁጥር ትሞላለች፤ ሰዓቱንና ሜትሩን። ይህ ሁሉ ሩብ ሰዓት አይፈጅም። የቀረው ቀን ለዋናው ሥራዋ ነው። ዋናው ሥራዋ መኖር ነው።

ቲሳብል በምትባለው በዚህች ደሴት ላይ አሥራ አራት ሰዎች ለመኖር ተቀጥረዋል። ተወላጆቹ ከሠላሳ ዓመት በፊት ጠቅልለው ወጥተዋል። ሆኖም ሰው የሚኖርበት መሬት እስካለ ድረስ በዙሪያው ያለው ባሕር ከነዓሣው የመንግሥታቸው ነው፤ ስለዚህ ሰው ያስፈልጋል። ጠዋት መስኮት የሚከፍት፣ ልብስ አጥቦ የሚያሰጣ፣ ሲመሽ መብራት የሚያበራ ሰው። ሰባት ዓመት ሳያቋርጥ የኖረ በዋናው ደሴት የመኖሪያ ፈቃድ ያገኛል። አሥራ ስምንት ዓመት ያልሞላው ልጅ ካለውም ማስመጣት ይችላል። ሐመልማል ወልዲያ ላይ ውሉን ስትፈርም ሌላውን ሁሉ በዓይኗ አልፋ ይህችን አንቀጽ ብቻ ደጋግማ አንብባ ነበር።

አሁን ሃያ ሁለት ቀን ቀርቷታል። ልጇ ናርዶስ አሥራ ስምንት ሊሞላት አርባ ቀን ይቀራታል።

ስትለያት ናርዶስ አሥራ አንደኛ ዓመቷን ልትደፍን ጥቂት ቀናት ቀርተዋት ነበር። አክስቷ ቤት ሆና በየሳምንቱ እሑድ አንድ መልእክት ትልካለች። «እማ፣ ስንት ቀን ቀረሽ?» በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከጥያቄው ጋር ሥዕል ነበረው፤ ቤት፣ ዛፍ፣ ሁለት እጅ ለእጅ የተያያዙ ሰዎች። ኋላ ሥዕሉ ቀረ። ጥያቄው ግን አንድም እሑድ ቀርቶ አያውቅም፤ ሐመልማልም ቁጥሩን ብቻ ትመልሳለች።

ማዕድ ቤቱ በር አጠገብ ሰሌዳ አለ። የትንበያው ሰሌዳ ነው፤ ትንበያው ከሐመልማል ቁጥሮች ተነስቶ ባሕሩ የሚወስደውን አሸዋ የሚያሰላው የጽሕፈት ቤቱ ማሽን ነው። ማክሰኞ ጠዋት እንዲህ ይላል።

የዳርቻ ወርድ፦ 40 ሜትር። አውሎ ነፋስ፦ እሑድ። የሚወሰድ፦ 20 ሜትር። የሚቀር፦ 20 ሜትር። ለኑሮ፦ ብቁ።

«ብቁ» የምትለዋ ቃል በአረንጓዴ ነው የምትጻፈው። ባሕሩ ሞልቶ ከችካሉ ፊት አሥራ አምስት ሜትር አሸዋ እስከቀረ ድረስ ደሴቲቱ ብቁ ናት።

«ሃያ ሜትር ነው? ይውሰድ፣ ይባረክለት!» አለ ከድር፣ ሳህኑን እንደያዘ ሰሌዳውን እያነበበ። ከድር የደሴቲቱ አናጢ ነው። በሩን፣ ጣሪያውን፣ የውኃ ታንከሩን መሰላል የሚጠግነው እሱ ነው። «እኛ ዘንድ ሌላ ሃያ ይተርፋል። የባሕር ሊቋ፣ ምን ትያለሽ?»

«ትንበያው ካለ አለ ነው» አለች ሐመልማል።

እውነትም ትንበያው ተሳስቶ አያውቅም። በቆየችባቸው ዓመታት አራት አውሎ ነፋሶች መጥተዋል። ሰባት ሜትር ይወስዳል ሲል ሰባት ይወስዳል፤ ሦስት ሲል ሦስት። ሐመልማል ከነፋሱ በፊትና በኋላ ትለካለች፤ ልዩነቱ ሁልጊዜ ከአንድ ሜትር በታች ነው። አሸዋውም ሲረጋጋ ከፊሉ ይመለሳል። ስለዚህ ማክሰኞ ዕለት ማንም አልደነገጠም። ልብሱ ተሰጣ፤ መስኮቱም ተከፈተ።

በዚያው ቀን ከዋናው ደሴት፣ ከቅጥር ጽሕፈት ቤቱ፣ መልእክት መጣ። ኢዮስያስ የሚባል አዲስ ተቆጣጣሪ ነገ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በስክሪን ሊተዋወቃቸው ይፈልጋል። ከሱ በፊት የነበረችው ጽጌ ጡረታ ወጥታለች።

ረቡዕ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አሥራ አራቱም ንጹሕ ልብሳቸውን ለብሰው ማዕድ ቤት ተሰበሰቡ። ስክሪኑ ሲበራ ፊቱ የቀላ ወጣት ታየ። አማርኛው አይሳሳትም፤ ግን ከመጽሐፍ የተማረው ይመስላል።

«ስድስት ሰዓት ሙሉ ጠበቅኳችሁ» አለ። «ዘጠኝ ሰዓት አላልኩም?»

«ይኸው ዘጠኝ!» አለ ከድር፣ ግድግዳው ላይ ወዳለው ሰዓት እየጠቆመ።

«እኔ ጋ አሥራ አምስት ነው የሚለው።»

«አሥራ አምስት የሚባል ሰዓት ደግሞ አለ እንዴ!»

ቤቱ በሳቅ ተሞላ። እትዬ መቅዲ መነጽሯን አውልቃ ወደ ስክሪኑ ቀረበች። ከሁሉም በፊት የመጣች፣ አሥራ አንድ ዓመት የኖረች፣ ስድሳ ዓመት ያለፋት ሴት ናት። ሙሉ ስሟ መቅደላዊት ነው፤ በሙሉ ስሟ የሚጠራት ግን ውሉ ብቻ ነው።

«ልጄ፣ የት ነው ያደግኸው? እናትህ ሲነጋ ስንት ሰዓት ነው ትል የነበረው?»

«ስድስት።»

«እኛ አሥራ ሁለት ነው የምንለው። ያንን ሰዓት የሰቀልኩት እኔ ነኝ፤ የሞላሁትም በኛ ነው። ሰው ባዕድ አገር ሲኖር ሰዓቱ እንኳ የራሱ ይሁን እንጂ! ጽጌ ነፍሷን ይማረውና...»

«ኧረ በሕይወት አለች እትዬ!»

«እንግዲያው ዕድሜ ይስጣትና፣ እሷ ስታናግረን በኛ እየቆጠረች ነበር።»

ኢዮስያስ ራሱም ሳቀ። «እሺ፣ ከአሁን በኋላ ስድስት እቀንስላችኋለሁ» አለ።

ሐመልማልም ከሌሎቹ ጋር እየሳቀች ነበር። ስድስት ሲል ሳቋ አፏ ውስጥ ቀረ።

ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ይሸሻል፣ ሁለት ጊዜ ይሞላል። በሽሽቱና በሙላቱ መካከል ያለው ስድስት ሰዓት ነው። የዚያን ዕለት ጠዋት ባሕሩ እንደሸሸ ለክታ «4:00» ብላ ሞልታለች፤ አርባ ሜትር። ትንበያው ደግሞ አራት ሰዓት የሚለው በነኢዮስያስ አራት ሰዓት፣ ገና ሳይነጋ ነው። በነሱ አራት ሰዓት ላይ ባሕሩ ሞልቶ ነበር።

ሥራውን ያስለመደቻት እትዬ መቅዲ ናት። «ባሕሩ ሲሸሽ ለኪ፤ እግርሽ አይርስም፣ ሞገድም አይጥልሽም» ብላታለች። ከጽሕፈት ቤቱ የተላከው መመሪያ ደግሞ ሁለት መስመር ብቻ ነበር። «ዳርቻውን በተመቻችሁ ጊዜ ለኩ። ሰዓቱን ብቻ በትክክል ጻፉ፤ የቀረውን ትንበያው ያውቃል።»

ከስብሰባው በኋላ ለብቻዋ ቆማ አሰበችው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ፣ መጀመሪያ እትዬ መቅዲ ኋላ እሷ፣ ለትንበያው ሲነግሩት የኖሩት ባሕሩ ሞልቶም አርባ ሜትር አሸዋ እንደሚተርፍ ነበር። የሚወሰደውን ያልሳተው ደግሞ ከነፋሱ በፊትም በኋላም የተጨመረው ትርፍ እኩል ስለነበር ነው። ትርፉ ከትርፉ ይጣፋል። የሚቀረውን ግን ማንም አላወቀም።

አሥር ሰዓት ላይ ባሕሩ ሲሞላ ከድርን ጠርታ የገመዱን ጫፍ ችካሉ ላይ አስያዘችው። ውኃው ውስጥ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ገብታ ቁጥሩን አነበበች።

«አሥራ አራት» አለች።

«ገመዱ ተጣጥፎ ይሆናል።»

ፈትተው እንደገና ለኩ።

«አሥራ አራት።»

ከድር ወደ ውኃው አየ፣ ከዚያ ወደ ቤቶቹ። ቤቶቹ ከችካሉ ጀርባ ሦስት ሜትር ያህል ናቸው።

«ሃያ ይወስዳል ነው ያለው?»

«ሃያ።»

«ከአሥራ አራት ላይ?»

ከድር ገመዱን ቀስ ብሎ ጠቀለለ። እንዲያ አሳምሮ ጠቅልሎ አያውቅም ነበር።

እትዬ መቅዲ ማዕድ ቤት ምስር እየለቀመች ነበር። ሐመልማል ስትነግራት እጇ ለአፍታ ቆመ፤ ከዚያ መልቀሙን ቀጠለች።

«ለማን ተናገርሽ?»

«ለከድር ብቻ።»

«በቃ፣ እዚያው ይቅር።»

«እትዬ፣ እሑድ እኮ ነው!»

«ታንከሩ ላይ እንወጣለን። ውኃው ገብቶ ይወጣል፤ እንወርዳለን። ለጽሕፈት ቤቱ ብትነግሪ ግን ያ ሰሌዳ ቀይ ይሆናል። ቀይ ሲሆን ደሴቲቱ ለኑሮ ብቁ አይደለችም። ብቁ ባልሆነ ቦታ የኖርሽው አይቆጠርም። ውሉን ማንበብ የምትወጂ አንቺ አይደለሽ?»

«ታንከሩ ከአምስት ሰው በላይ አይችልም» አለ ከድር በሩ ላይ እንደቆመ። «ብረቱን ጨው በልቶታል።»

«እንግዲህ አምስት እንወጣለና!»

ማንም አልሳቀም። እትዬ መቅዲ ትሪውን ወደ ጎን ገፋችው።

«የፊተኛውን ሰባት ዓመት የኖርኩት ለእህቴ ልጅ ነው። ፈቃዱን በስሙ አዞርኩለት። አሁን ዋናው ደሴት ሆኖ ለበዓል እንኳ ድምፁን አያሰማኝም። ይኼን ሁለተኛውን ለራሴ ነው የምኖረው፤ ሦስት ዓመት ነው የቀረኝ። አንቺ ደግሞ ሃያ ሁለት ቀን። እኔ አንቺን ብሆን አፌን በመርፌ ሰፍቼ እቀመጣለሁ።»

ሐሙስ ባሕሩ የሸሸው አምስት ሰዓት ሊሆን አሥር ደቂቃ ሲቀረው ነው። ሐመልማል ለካች። አርባ ሜትር። አሸዋው ላይ ቁጭ ብላ ታብሌቱን ጭኗ ላይ አስቀመጠች።

ሌሊቱን ሙሉ ስታሰላስለው ያደረችው ነገር ነበር። ውሉ ውስጥ፣ ኋላ ደሴቲቱ ላይ ስታነበው ያገኘቻት፣ ሌላ ሰው የማያስታውሳት አንዲት አንቀጽ አለች፤ ደሴቲቱ ድንገት በአደጋ ከተበላሸች እስከዚያ ቀን የኖሩት ይያዝላቸዋል፣ የቀረውን በሌላ ደሴት ይጨርሳሉ። እንግዲያው የዛሬውን ብቻ በትክክለኛው ሰዓት ብትሞላስ? ትንበያው አሸዋው በአንድ ሌሊት የሄደ ይመስለዋል። መርከብ ይልካሉ። አሥራ አራቱም ይወጣሉ። ያለፈው ሁሉ እንዳለ ይቆያል፤ ሃያ አንዱን ቀን የትም ቢሆን ትኖረዋለች። ማንም አይሞትም፤ ናርዶስም ትመጣለች። አንድም ውሸት የለበትም፤ ዛሬ የምትሞላው እውነት ነው።

«10:50» ብላ ሞላች።

ታብሌቱ ጠየቃት። «ይህ ልኬት ከቀደሙት ጋር አይጣጣምም። ሰዓቱ ትክክል ነው?»

«አዎ።»

«ለውጡ የተከሰተው ዛሬ ብቻ ነው ወይስ ከዚህ በፊትም ነበር?»

«ዛሬ ብቻ» የሚለውን ነካች።

አራት ሴኮንድ ፈጀ። ትንበያው አላመናትም። ሃያ ስድስት ሜትር አሸዋ ያለ ነፋስ በአንድ ሌሊት አይሄድም። ሌላ ምክንያት ፈለገና አገኘው። በአሥራ አንድ ዓመት የተሞሉትን አራት ሺህ ያህል ሰዓቶች አንድ በአንድ ስድስት ደመረባቸው፤ ሁሉም ገጠሙ።

ማዕድ ቤት ስትደርስ ሰሌዳው ቀይ ሆኗል፤ ሰዎቹም ፊቱ ቆመዋል።

የዳርቻ ወርድ፦ 14 ሜትር። ለኑሮ፦ ብቁ ያልሆነ። ከሥሩ ቀን ተጽፏል። ደሴቲቱ ብቁ መሆኗ ያበቃበት ቀን ነው፤ ከስድስት ዓመት በፊት የነበረ አንድ ረቡዕ። ሐመልማል በዚያን ቀን ደሴቲቱ ላይ አሥራ አንድ ወር ብቻ ነበር የኖረችው። ከዓመት ያነሰ ደግሞ አይቆጠርም።

ከሰዓት በኋላ ኢዮስያስ በስክሪን መጣ። ደብዳቤውን ቀና ሳይል አነበበ። «ከተጠቀሰው ቀን ጀምሮ ደሴቲቱ ለኑሮ ብቁ ስላልነበረች፣ ከዚያ ወዲህ በደሴቲቱ ላይ የኖረ ሰው የለም። መርከብ ቅዳሜ ጠዋት ይደርሳል።»

«ቆይ» አለ ከድር። «የኖረ ሰው የለም ማለት?»

«በፋይሉ መሠረት...»

«ትናንት ስድስት ሰዓት ያስጠበቀህ ማን ነው ታዲያ?»

ኢዮስያስ ደብዳቤውን አጠፈው።

«እሺ፣ አድራሻችን ምን ይላል? ስድስት ዓመት የት ነበርን?»

ወጣቱ አንገቱን ደፍቶ ፈለገ። ሲያገኘውም ለማንበብ ቆየ።

«ባሕር» አለ።

እትዬ መቅዲ ከኋላ ተነስታ ወደ ስክሪኑ ቀረበች። «የእህቴ ልጅስ?» አለች። «የፊተኛውን ሰባት ዓመት የጨረስኩት ከአራት ዓመት በፊት ነው። ፈቃዱ ወጥቷል፤ ሚስት አግብቷል።»

«የእሱም ፋይል እንደገና ይታያል፣ እናቴ።»

ሐመልማልን ማንም አልሰደባትም። ማን ሞላው፣ ለምን ሞላሽ ብሎ የጠየቃትም የለም። አርብ ዕለት ልብስ የሚያሰጣ አልነበረም፤ መስኮቶቹም እንደተዘጉ ዋሉ። ቅዳሜ መርከቡ ላይ ከጎኗ ያለው ወንበር ባዶውን ሄደ። ሁለት ሰዎች ቦታ አጥተው ቆመው ነበር። እትዬ መቅዲ የግድግዳውን ሰዓት በነጠላዋ ጠቅልላ ደረቷ ላይ አቅፋው ነበር፤ ከጨርቁ ውስጥ ሲቆጥር ይሰማል።

እሑድ እኩለ ቀን ላይ በዋናው ደሴት ኮረብታ ላይ ባለ ትምህርት ቤት ውስጥ ተቀምጠው ብስኩት ይበሉ ነበር። ዝናቡ ከመስኮቱ ውጭ ወደ ጎን ይዘንባል። ግድግዳው ላይ እንደ ቲሳብል ያለ ሰሌዳ አለ፤ የሁሉም ደሴቶች ስም በተራ ያልፍበታል። የቲሳብል ተራ ሲደርስ ሁሉም ቀና አሉ።

ቲሳብል። የተወሰደ፦ ከችካሉ አልፎ 6 ሜትር። የትንበያ ስህተት፦ 0.3 ሜትር።

ሁለት የጽሕፈት ቤቱ ሠራተኞች ቁጥሩን አይተው እጅ ለእጅ ተጨባበጡ።

ከድር በጣቱ ቆጠረ፤ ከጎኗ ያለውን ባዶ ወንበር አልፎ ሐመልማልንም ቆጠራት። «አሥራ አራታችንም አለን» አለ። ያለው ለግድግዳው ነበር።

ስልኳ ጮኸ። እሑድ ነው።

«እማ፣ ስንት ቀን ቀረሽ?»

ጻፈች፣ አጠፋች። ደግሞ ጻፈች፣ አጠፋች። ዝናቡ ሲያባራ ስልኩን ኪሷ ከተተችው።

ኢዮስያስ በማግስቱ አዲስ ውሎች ይዞ መጣ። በአካል ሲያዩት ከስክሪኑ ይልቅ ልጅ ነው። ማርሊ የምትባል ደሴት አለች፤ ትንበያው ለአሥራ ዘጠኝ ዓመት ብቁ ናት ብሏል።

«ከዜሮ ልንጀምር?» አለ ከድር።

«ከአንድ» አለ ኢዮስያስ በትሕትና። «የመጀመሪያው ቀን አንድ ተብሎ ነው የሚቆጠረው።»

ወደ አገር መመለስም ይቻላል፤ የሚመለስ ግን ፋይሉ ይዘጋል። አንድ በአንድ ፈረሙ። ሐመልማል ፈርማ ስትጨርስ አጠገቧ እጅ ተዘረጋ።

«ብዕሩን አቀብዪኝ» አለች እትዬ መቅዲ። ከሐሙስ ወዲህ ያናገረቻት ይህን ብቻ ነው።

የዚያን ዕለት ለናርዶስ እውነቱን ጻፈችላት፤ ሦስት መስመር ነው። ናርዶስ «እሺ እማ» ብላ መለሰች። በሚቀጥለው እሑድ መልእክት አልመጣም። ከዚያ በኋላ ባሉት እሑዶችም አልመጣም።

ማርሊ ላይ አሸዋው ጠቆር ያለ ነው፤ ችካሉ ቀይ ነው። ማዕድ ቤቱ ግድግዳ ላይ ሁለት ሰዓቶች ጎን ለጎን ተሰቅለዋል፤ የጽሕፈት ቤቱና የእትዬ መቅዲ። ሐመልማል በጽሕፈት ቤቱ ትሞላለች። ሰዎቹ ሰላምታ ይሰጧታል፣ ምግብ ያካፍሏታል። ስትለካ የገመዱን ጫፍ የሚይዝላት ግን የለም፤ ድንጋይ ትጭንበታለች።

በሁለተኛው ወር፣ ሐሙስ ዕለት፣ ስልኳ ጮኸ።

«እማ፣ አሥራ ስምንት ሞላኝ አይደል፤ ራሴ ተመዘገብኩ። ለአክስቴም የነገርኳት ከፈረምኩ በኋላ ነው፣ እንዳትቆጪ። ትናንት ገባሁ። ካንቺ ሩቅ ነው አሉኝ፤ ግን ያው አንድ ባሕር ነው። ደሴቷ ትንሽ ናት፣ ሰዎቹ ጥሩ ናቸው፣ አንዳንዶቹ ሊጨርሱ ጥቂት ወር ነው የቀራቸው። እግርሽ ፈጣን ነው ብለው ዳርቻ ለኪ አድርገውኛል። ባሕሩ ሲሸሽ ለኪ አሉኝ። 2,554 ቀን ቀረኝ። አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ ሰዓቱን እንዴት ነው የምሞላው? እዚህ ሁሉም የሚሞሉት በኛ ነው።»

ሐመልማል ገመዱን እንደያዘች ቆመች። ባሕሩ ወደ ችካሉ እየተመለሰ ነበር። መልእክቱን ሦስት ጊዜ አነበበችው። ሊጨርሱ ጥቂት ወር የቀራቸው የምትለዋ ቦታ ስትደርስ ሦስቴም ቆማ ነበር።

ከዚያ በአንድ እጇ ጻፈች።

«ስድስት ደምሪበት።»

ላከችው። ውኃው ጫማዋን ሲነካ ሌላ ጨመረች።

«ዛሬውኑ። ዛሬ ካደረግሽው አንቺ ላይ የሚጠፋው ሁለት ቀን ብቻ ነው።»